ጠጋ በሉ! ሥርዓተ ነጥብና የያዘው ባዶ ቦታ

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው በድረ ገጽ ጽሑፍ ላይ ስላለ ክፍተት ነው። አዎ፣ ስለ ባዶ ቦታ። በባዶ ነገር ቪዲዮ ይሠራል ወይ አትበሉኝ፤ ይሠራል።

አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቡ። ለሁሉም ሰው እኩል ቦታ ተለክቶለታል። የቻይንኛና የጃፓንኛ ፊደላት እንደዚያ ናቸው፤ እያንዳንዱ እኩል ካሬ ይይዛል። ደልደል ያለው ሰው ቦታውን ሞልቶ ይቀመጣል። ቅንፍ ግን ቀጭን ነው። ግማሹ ላይ ይቀመጥና ግማሹ ላይ ቦርሳውን ያስቀምጣል። የሚዘጋው ቅንፍ ቦርሳውን በቀኝ፣ የሚከፍተው በግራ። የሚዘጋው አጠገብ የሚከፍተው መጥቶ ሲቀመጥስ? ቦርሳና ቦርሳ ተገናኘ! መሃል ላይ አንድ ሙሉ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባከነ። እኔን ዓይኔን ነው የሚወጋኝ። አንዳችሁ ቦርሳችሁን ታቀፉ እንጂ! ጠጋ በሉ!

የድረ ገጽን መልክ በምናዝበት ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ «ጠጋ በሉ» የሚለው ትእዛዝ ቴክስት ስፔሲንግ ትሪም ይባላል። ክሮም ብራውዘር ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ2024፣ በ123ኛው ስሪት ነው። የሚሰጡት ምርጫዎች አሉ፦ ኖርማል ጎን ለጎን ያሉትን ያጠጋጋል፣ ስፔስ ኦል ሁሉንም እንዳለ ይተዋል፣ ትሪም ስታርት በመስመር መጀመሪያ ያለውን የሚከፍት ቅንፍም ይቆርጣል። ኖርማል ነባሪው ምርጫ ስለሆነ ምንም ሳትጽፉም ይሠራል፤ ፎንቱ (የፊደሉ ቅርጽ ፋይል) ግን የሚደግፍ መሆን አለበት። አለቀ።

ግን ቆይ። «ከአራት ነጥብ በፊት ያለውን ክፍተት ያጠፋልኛል?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ስንት ናችሁ! አያጠፋም። ደግሜ ልበለው፤ አያጠፋም። ትሪም የሚነካው ካሬው ውስጥ ያለውን ባዶ ነው፣ ቦርሳውን። የእኛ አራት ነጥብ እዚያ የቻይናና የጃፓን አግዳሚ ላይ የለም። ከፊቱ ያለው ክፍተት ደግሞ ስፔስ ተጭናችሁ ራሳችሁ ያስገባችሁት ነው፤ ቦርሳ ሳይሆን ቦታ ይዞ የተቀመጠ ሰው በሉት። «አራት ነጥቡ ብቻውን ወደ ታች መስመር ይወርድብኛል» ያላችሁትም በዚሁ ጣጣ ነው፤ ብራውዘሩ ስፔስ ካገኘ እዚያ ላይ መስመር ይቆርጣል። ስፔሱን አጥፉት፣ ነጥቡ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የለም፣ ክፍተቱ ያምረኛል የምትሉ የማይሰበር ስፔስ፣ ማለትም መስመር የማይቆረጥበትን ስፔስ፣ ተጠቀሙ። «ሌተር ስፔሲንግን (በፊደላት መሃል ያለውን ክፍተት) ኔጌቲቭ ባደርገውስ?» ያልከው ደግሞ፣ ወንድሜ፣ እሱ ሁሉንም ፊደል እኮ ነው የሚያጨናንቀው!

ትምህርተ ጥቅስን ከመስመሩ ጠርዝ ወደ ውጭ የሚያወጣው ሃንጊንግ ፐንክቹዌሽን የሚባለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ ደግሞ ሳፋሪ ብራውዘር ላይ አለ። እሱ የራሱ ቪዲዮ ይገባዋል። እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ፣ ደወሏንም ነካ!