«እህቴ፣ ጎማሽ ተንፍሷል»

እንደምን ሰነበታችሁ። ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁን ርዕስ ለሌላ ጊዜ አሳድሬዋለሁ። ታናሽ እህቴ ይህን ስትሰማ «አሁንም ያንን ሰውዬ አልረሳሽውም?» እንደምትል አውቃለሁ፤ አልረሳሁትም። ስለ መኪና ማቆሚያ ደኅንነት ያነበብኩትና የተማከርኩት ሁሉ ልቤን ስላላሳረፈልኝ፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ጮክ ብዬ ላስበው ፈለግሁ።

አመሻሽ ላይ ነው፤ ቦታውም ከምድር በታች ያለ የመኪና ማቆሚያ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሮቹን ቆልፌ ሞተሩን እንዳስነሣሁ፣ አንድ ሰው ከአምዱ ጀርባ ብቅ አለና ወደ ኋላ እያመለከተ «እህቴ፣ የኋላ ጎማሽ ተንፍሷል፤ ውረጂና እዪው» አለኝ። መስታወቱን ጣት እንኳ በማያሳልፍ ልክ ዝቅ አድርጌ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ መውጫው ጋ አየዋለሁ» አልኩትና ቀስ ብዬ ነዳሁ። የሆነው ይኸው ብቻ ነው።

እኔን ያልለቀቀኝ «ውረጂና እዪው» የሚለው ነው። ሰውየው ድምፁን አላነሣም፤ ወደ በሩም አልተጠጋም። አንዱ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዕለቱ ብርዳም ስለነበር የእኔም እጅ ቢሆን ኪሴ ውስጥ ይሆን ነበር። መንዳት ስጀምር አልተከተለኝም፤ በኋላ ማሳያው መስታወት ሳየው እዚያው ቆሞ ነበር። ተቀይሞ ይሁን፣ ሰው እየጠበቀ ይሁን፣ እስከ ዛሬ መወሰን አልቻልኩም።

መጠንቀቄ ትክክል እንደነበር አልጠራጠርም። አንዱ ሰው ሾፌሩን በጎማ ወይም በወደቀ ገንዘብ ሰበብ ሲያስወርድ፣ ግብረ አበሩ በሌላው በር ገብቶ ቦርሳ የሚያነሣበት፣ ሞተሩ ካልጠፋም መኪናውን ይዞ የሚሄድበት ማታለያ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ነገር ግን መውጫው ላይ ያለው ጥበቃ በባትሪ ሲያይልኝ ጎማው በእርግጥም ቸርኬው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ተንፍሶ ነበር። ጎሚስታው ደግሞ ምስማሩን በፒንሳ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጭንቅላቱ ገና ስላልተሞረደ ብዙ መንገድ እንዳልተነዳበት ነገረኝ። እንግዲህ በዚያው ዕለት ከመንገድ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ እዚያው እንደቆምኩ ሆን ተብሎ የተሰካም ሊሆን ይችላል። ምስማሩ ለሁለቱም ይመሰክራል።

ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄዬ በዝቷል። ሪሞቱን ተጭኜ ፍሬቻው ብልጭ ማለቱን ካየሁ በኋላ እንኳ የበሩን እጀታ በእጄ ስቤ አረጋግጣለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሪሞቶች በሚሠሩበት በ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞገዱን የሚያፍን መሣሪያ ይዞ የሚቆም ሌባ ካለ፣ ባለቤቱ ቆለፍኩ ብሎ ሲሄድ መኪናው ሳይቆለፍ ይቀራል። ያለ ቁልፍ በሚነሡት መኪኖች ደግሞ አንዱ ሌባ መኪናው አጠገብ፣ ሌላው ከባለቤቱ ኋላ ሆነው ሞገዱን በመሣሪያ ሲያቀባብሉ፣ መኪናው ቁልፉ አጠገቡ ያለ ይመስለዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ቁልፉን ሞገድ በማያሳልፍ፣ ብረት በተለበጠ ከረጢት መያዝ ነው። ዕቃንም ቢሆን ካቆሙ በኋላ ወደ ኋላ የዕቃ መጫኛ ማዛወር የሚያየውን ሰው መጋበዝ ስለሆነ፣ ከመነሻው ደብቆ መምጣት ይሻላል።

እነዚህን ሁሉ ለእህቴ ነግሬያታለሁ፤ እነዚህ ግን ቀላሎቹ ናቸው። ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዱት፣ ወንጀል የሚፈጸመው ለወንጀል የተነሣሣ ሰውና የሚመቸው ዒላማ፣ የሚጠብቅ ሰው በሌለበት ሲገናኙ ነው። የሚጠብቅ ሲሉ ፖሊስን ብቻ ማለታቸው አይደለም፤ በዚያ የሚያልፈውን፣ መኪናውን ፍለጋ የሚዞረውን ተራ ሰውም ይጨምራል። ብራንደን ዌልሽና ዴቪድ ፋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ግምገማ፣ የደኅንነት ካሜራ ከሁሉ ይልቅ የሠራው በመኪና ማቆሚያዎች እንደሆነና በዚያም ወንጀል በ51 በመቶ መቀነሱን አግኝተዋል፤ ሆኖም በአብዛኞቹ ቦታዎች ከካሜራው ጋር መብራቱ ተሻሽሎ፣ ጥበቃም ተጨምሮ ነበር። ይህን ሳነብ ያ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ቅን ሰው ከነበረ፣ በዚያ ፎቅ ላይ የነበረው ብቸኛ ጠባቂዬ እርሱ ነበር ማለት ነው። ካልነበረ ደግሞ... ይህንንስ ባልጨርሰው ይሻላል።

በቅርቡ ነገሩ ተገለበጠብኝ። አንዲት ሴት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ ስትነሣ በሩ በደንብ አለመዘጋቱን አየሁ። ራቅ ብዬ፣ መብራት ሥር ቆሜ፣ እጆቼ እንዲታዩ አድርጌ «እህቴ፣ የኋላው በር አልተዘጋም» አልኳት። ሰው ሳያስደነግጡ መናገር የሚቻለው በዚህ መልክ ይመስለኛል። እርሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና መስታወቷን ዘግታ፣ በሩም ገርበብ እንዳለ፣ ፈጥና ሄደች። እህቴ ብትሆን ኖሮ አድርጊ የምላት ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ሕፃኑን እያሰብኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንዲህ ያለውን ነገር በጥበቃው በኩል ማስነገር ሳይሻል አይቀርም፤ ዩኒፎርሙ ሰውን ያረጋጋል። ይሁንና መኪናው እየተንቀሳቀሰ ጥበቃ ፍለጋ የሚኬድበት ጊዜ የለም፤ ብዙዎቹ ማቆሚያዎች ደግሞ ከመሸ በኋላ ጥበቃ የላቸውም። እህቴ በየሳምንቱ ማታ ማታ ከእንዲህ ያለው ቦታ ትወጣለች፤ አንድ ሰው ከሩቅ ቢጠራት ምን ታድርግ እንደምላት አሁንም እያሰብኩ ነው። መስታወቱን ጥቂት ዝቅ አድርጊና ስሚው እላት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ...