ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያጠፋ ማን ይከሰስ?

ክቡራን ዳኞች፣ የተከበራችሁ ጠበቆች፣ ውድ የሕግ ተማሪዎች፦

ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደ ንግድ ማኅበር የሕግ ሰውነት አግኝቶ በስሙ ንብረት ሊያፈራ፣ ሊከስና ሊከሰስ ይገባዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴን ሳላዘገይ ላስታውቅ፤ አይገባውም ባይ ነኝ።

ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2017 እጅግ ለረቀቁ ሮቦቶች «የኤሌክትሮኒክ ሰው» የሚል የሕግ ደረጃ መስጠት እንደ አንድ አማራጭ እንዲጠና ጠይቆ ነበር፤ በ2020 ግን የሕግ ሰውነት አያስፈልጋቸውም አለ። በዚያው በ2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ለሮቦቷ ሶፊያ ዜግነት ሰጠሁ ስትል፣ የአዲስ አበባ ባለሙያዎች እጅ ስላለባት እኛም ደስ ብሎን ነበር፤ በእኔ ግምት ግን ነገሩ ከሕግ ይልቅ ለማስታወቂያ ይቀርባል።

ጉዳዩን ከየትኛውም ጽንሰ ሐሳብ በላይ ግልጽ ያደረገልኝ በ2024 በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውሳኔ ያገኘ አነስተኛ ክርክር ነው። አያቱ የሞቱበት መንገደኛ የኤር ካናዳን ቻትቦት፣ ማለትም በድረ ገጹ ላይ የደንበኞችን ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልሰውን ፕሮግራም፣ ስለ ሐዘንተኞች የዋጋ ቅናሽ ቢጠይቀው፣ ሙሉውን ከፍሎ ቲኬት ከቆረጠ በኋላም በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት እንደሚችል ነገረው፤ ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። አየር መንገዱ ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ፣ ቻትቦቱ ለድርጊቱ ራሱ የሚጠየቅ የተለየ የሕግ አካል ነው የሚል ይዘት ነበረው። ችሎቱ ይህን ሳይቀበል፣ በድረ ገጹ ላይ ለሚሰጥ መረጃ ሁሉ ኃላፊው ኩባንያው ነው ብሎ ካሳ አስከፈለው። ለማሽኑ ሰውነት የተሟገተው ዕዳ የመጣበት ባለቤቱ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

ኩባንያም ሥጋና ደም ሳይኖረው ሰውነት ተሰጥቶታል የሚል ሙግት ይነሳል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከኩባንያው ጀርባ የተዋጣ ካፒታልና በስማቸው የሚጠሩ ሥራ አስኪያጆች ስላሉ የተፈረደለት ሰው ፍርዱን የሚያስፈጽምበት ሀብት ሊያገኝ ይችላል። ፕሮግራም ግን ባለቤቱ ከሰጠው በቀር ምንም የለውም፤ ባለቤቱም ጥቂት ብር አስይዞለት ዕዳውን ሁሉ ሊያሸክመው ይችላል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጥሩ መነሻ አለው። በአንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት፣ በአንቀጽ 2081 ደግሞ ማሽን ወይም ባለሞተር ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን፣ የራሱ ጥፋት ባይኖርም፣ ኃላፊ ያደርገዋል። የሚያስቸግረው፣ ማሽን ሲባል የማይዳሰስ ሶፍትዌርን ይጨምራል ወይ፣ ባለቤቱስ ፕሮግራሙን የሠራው ነው ወይስ ለምሳሌ ብድር ለማን እንደሚሰጥ በፕሮግራሙ የሚወስነው ባንክ የሚለው ነው። ሕግ አውጪው ሊደክምበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔ ሐሳብ፣ ለተጎጂው በቀጥታ የሚጠየቀው ፕሮግራሙን በሥራ ላይ ያዋለው ተቋም እንዲሆን፣ ያም ተቋም ከፍሎ ሲያበቃ ጉድለቱ የአምራቹ መሆኑን ካስረዳ የከፈለውን ከአምራቹ እንዲያስመልስ በግልጽ ይደንገግ የሚል ነው።