ሞተሩ ሲናገር ማይኩ ዝም ይበል

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ በአየር ትርዒት ላይ ማይክ ለመያዝ የምትዘጋጁ ወጣቶች፣ እንደምን አላችሁ?

በዚህ ሥራ መናገር ብዙም አላስቸገረኝም። ዓመታት የፈጀብኝ ዝም ማለትን መማር ነው።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። የሞተሩን ጉልበት፣ የክንፉን ርዝመት፣ የአብራሪውን የበረራ ሰዓት ሳልተነፍስ ዘረዘርኩ። ጄቱ ፊታችን ሲደርስ ድምፄ ተዋጠ። ሰዉ የሞተሩንም ጩኸት በወጉ አላጣጣመም፣ የእኔንም ወሬ አልሰማም። አንድ አባት ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ስፒከሩ ዞረው አየኋቸው። ምን እንደምል ለመስማት ብለው ጄቱ አመለጣቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 1 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን ሲገለበጥ ዓይናችን ወዲያው ያየዋል፣ ጆሯችን ግን 3 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ስፒከሮቹም በተመልካቹ ርዝመት ስለሚደረደሩ፣ በደንብ ካልተስተካከሉ መሃል የቆመው ሰው አንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማዋል። ስለዚህ አጭር አጭር ተናገሩ። በመሃል ተንፍሱ። «ከግራ» ስትሉ የተመልካቹን ግራ እንጂ የአብራሪውን አይደለም። ደግሞም ቀደም ብላችሁ በሉት፤ ሰው አንገቱን እስኪያዞር አውሮፕላኑ አይጠብቀውም።

ወደ ሙዚቃው ልምጣ። አብራሪው ጆሮ ውስጥ ያለው የቡድኑ መሪ ድምፅ ነው፣ የእናንተ ሙዚቃ አይደለም። ስለዚህ ሙዚቃው በረራውን ይከተላል። ደመናው ዝቅ ካለ ቡድኑ ሉፑን፣ ማለትም ወደ ላይ ወጥቶ በክብ የሚገለበጥበትን በረራ፣ ትቶ ከደመናው ሥር ወደሚበረረው ዝቅተኛ ፕሮግራም ይገባል። ወደ ላይ ለሚወጣ ሉፕ የተመረጠ ዜማ በዝቅታ ዙር ላይ ሲለቀቅ ጆሮ ይቆረቁራል። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሙዚቃ አዘጋጁ።

የጣሊያን አየር ኃይል የትርዒት ቡድን ፍሬቼ ትሪኮሎሪ ሲያጠቃልል የባንዲራውን 3 ቀለማት በጭስ ሰማይ ላይ ይዘረጋል። ከታች የኦፔራ ዘፋኙ የፓቫሮቲ ድምፅ ይለቀቃል። እዚያ ላይ የሚጨመር አንድም ቃል የለም!

የእንግሊዝ አየር ኃይል የትርዒት ቡድን ሬድ አሮውስ ደግሞ በ9 አውሮፕላን ትርዒት ሲያሳይ፣ ሬድ 10 የሚባለው አብራሪ መሬት ላይ ቆሞ ደህንነቱን ይከታተላል፣ ለተመልካቹም ያስረዳል። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ከማይኩ ጀርባ ያለው ሰው ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ በአካሉ ያውቀዋል።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1952 እንግሊዝ ውስጥ በፋርንቦሮ የአየር ትርዒት ላይ አንድ አውሮፕላን አየር ላይ ተበታትኖ፣ ውስጡ ከነበሩት 2 ሰዎች ሌላ 29 ተመልካቾች ሞቱ። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ መጀመሪያ ሙዚቃውን አጥፉ። ከዚያ ረጋ ብላችሁ፦ ባላችሁበት ቆዩ፣ ለአምቡላንስ መንገድ ልቀቁ በሉ። ስለ አብራሪው አንዳች ነገር አትገምቱ። እናቱ ወይም ሚስቱ ከሕዝቡ መሃል ቆማ ልትሰማችሁ ትችላለች።

እኔ እነዚህን ቃላት ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ከማይኩ አጠገብ እለጥፋለሁ። እስካሁን ተጠቅሜባት አላውቅም። ግን ትርዒቱ ከመጀመሩ በፊት ሁሌም ጮክ ብዬ አነባታለሁ።

አመሰግናለሁ።