በሙያ ሥልጠና ተቋማት የእውቅና ፈቃድና የጥራት ማረጋገጫ ላይ ለጅማ አሠልጣኞችና ቀጣሪዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራን የኮሌጅ ዲኖች፣ አሠልጣኞችና የሙያ ብቃት መዛኞች፤ እንዲሁም ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ የጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ ቤትና የቡና ማዘጋጃ ባለቤቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አንድ ተቋም እንዲያሠለጥን ስለሚሰጠው የእውቅና ፈቃድ ሲነገር ጉዳዩ ብዙ ጊዜ በፈቃድ ሰጪውና በኮሌጁ መካከል ብቻ ያለ ይመስላል። እኔ ግን ዛሬ በተለይ ለቀጣሪዎች መናገር የፈለግሁት፣ የሥልጠና ጥራት የመጨረሻው ማረጋገጫ በእናንተ ደጃፍ እንደሚገኝ ስለማምን ነው።

ጅማ ለሙያ ትምህርት አዲስ አይደለችም። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ሥር የሆነው የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ኃይል ጥያቄ ከኮሌጅ ግቢ አልፎ የከተማው ሁሉ ጥያቄ ሆኗል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናው በውጤት እንዲመዘን ወስኗል፤ ይኸውም ሠልጣኙ ስንት ወር ተማረ ከማለት ይልቅ በሙያ ደረጃው የተዘረዘሩትን ተግባራት በራሱ መሥራት ይችላል ወይ የሚለው እንዲጠየቅ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር። ነገር ግን የእውቅና ፈቃድ አሰጣጣችን አሁንም በአብዛኛው የሚያየው ግብዓትን ነው፦ የወርክሾፑን ስፋት፣ የመሣሪያውን ቁጥር፣ የአሠልጣኙን የትምህርት ማስረጃ። እነዚህ አስፈላጊ መሆናቸውን አልክድም፤ ያለ ማሽን ብየዳ የሚያስተምር የለም።

ችግሩ ግብዓት በአንድ ቀን ጉብኝት የሚታይ መሆኑ ነው። በጉብኝቱ ቀን የቆመ ማሽን በማግስቱ ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም ሠልጣኝ ሳይነካው ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ለኢንስፔክሽን ባልደረቦቼ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ወርክሾፑን ካያችሁ በኋላ ወደ ንብረት ክፍል ሂዱ። በመንግሥት ኮሌጅ ከሆነ ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ የሚሞላውን ቅጽ፣ ሞዴል 22ን ጠይቁ፤ በግል ኮሌጅ ከሆነ የወጪ መዝገቡንና የግዢ ደረሰኙን ተመልከቱ። በአንድ መንፈቅ ምን ያህል ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ሲበየድ እየተቃጠለ የሚያልቅ ዘንግ፣ ወጣ? ምን ያህል ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ምን ያህል ጣውላ? ይህንን በሠልጣኞች ቁጥር አካፍሉት። በነፍስ ወከፍ ጥቂት ኤሌክትሮድ ብቻ ደርሶት ብየዳ ተማረ የተባለ ልጅ በወረቀት ላይ ምንም ዓይነት ውጤት ቢኖረው ብየዳ አልተማረም። ፋይል አሳምሮ ማቅረብ ይቻላል፤ ያልተቃጠለ ኤሌክትሮድ ግን ተቃጥሏል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሊደበቅ አይችልም።

ወደ ቀጣሪዎች ልመለስ። ኮሌጅና ድርጅት በጋራ በሚያሠለጥኑበት የትብብር ሥልጠና አሠራር ሠልጣኙ አብዛኛውን የተግባር ክህሎት ከእናንተ ዘንድ እንዲያገኝ ይጠበቃል። ሆኖም ዕቃ ሲያቀብልና ግቢ ሲጠርግ ለከረመ ልጅ የልምምድ መዝገቡ ላይ ሁሉንም ተግባር በብቃት ፈጽሟል ብሎ ፈርሞ ማኅተም ማድረግ ደግነት ሊመስል ይችላል፤ በእኔ እምነት ግን ልጁን መበደል ነው። የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሠልጥኗል የተባለ ወጣት የምድር ሽቦ በትክክል ሳያገናኝ ቢቀር የሚከተለው የሰው ሞት ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ያላያችሁትን አትፈርሙ።

የብቃት ምዘናውም ከሥልጠናው በእርግጥ የተለየ መሆን አለበት። እናንተ የቡናን ነገር ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፦ ናሙናው የማን እንደሆነ ቀማሹ እንዳያውቅ በኮድ ይቀርብለታል፤ ደረጃው የሚታመነውም ስለዚህ ነው። ሠልጣኝ እንደ ናሙና ስሙ ተሸፍኖ ሊቀርብ አይችልም፤ ነገር ግን ያሠለጠነው ሰው የራሱን ሠልጣኝ እንዳይመዝን ማድረግ፣ መዛኞችንም ከኢንዱስትሪው መምረጥ እንችላለን። ለዚህም በሙያው የበሰለ ሠራተኛችሁን ለምዘና ቀናት ልትለቁልን ይገባል፤ ይህ ወጪ እንዳለው አውቃለሁ።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 በተቀበሉት የሙያ ሥልጠና ጥራት ማዕቀፍ ከተመረጡት መለኪያዎች መካከል ሥልጠና ያጠናቀቁ ሰዎች ሥራ ማግኘታቸው፣ የተማሩትንም በሥራ ቦታ መጠቀማቸው ይገኙበታል። ተመራቂን ተከታትሎ መጠየቅ እኛም አገር የሚታወቅ አሠራር ነው፤ ግን መረጃው ብዙ ጊዜ ለሪፖርት ይሰበሰባል እንጂ በፈቃድ እድሳት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አይቀርብም። መቅረብ አለበት ብዬ አምናለሁ። ኮሌጁም ጎብኚ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ራሱን በሐቅ መገምገም ይኖርበታል፤ ድክመቱን ራሱ ጽፎ ያቀረበ ተቋም ሊቀጣ ሳይሆን ሊታገዝ ይገባዋል።

ስለዚህ ለዛሬው ውይይት ሦስት ጥያቄዎች አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የመንፈቁን የፍጆታ ዕቃ ወጪ በሠልጣኝ ቁጥር አካፍሎ ይፋ ለማድረግ ይስማማል ወይ? እያንዳንዱ ቀጣሪ ከድርጅቱ አንድ መዛኝ ይሰጠናል ወይ? ባለፈው ዓመት የቀጠራችኋቸው ሠልጣኞች ምን መሥራት አቃታቸው? ከሻይ እረፍት በኋላ በሙያ መስክ ተከፋፍለን ስንቀመጥ፣ በመጨረሻው ጥያቄ እንድንጀምርና ቀጣሪዎች ቅድሚያ እንዲናገሩ እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።