አለቃዬ ጫካ ናቸው፣ ፊርማው ማን ጋ ነው? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

የዛሬው ርዕሳችን በዱር እንስሳትና በተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ውስጥ የዳይሬክተር ረዳት ሆኖ መሥራት ነበር። እኔ በዚሁ ወንበር 11 ዓመት ተቀምጫለሁ። ብዙ ሰው ደውሎ ነበር፤ 5 ጥያቄዎችን መርጬ፣ በሰዓት እጥረት የዘለልኩትንም ጨምሬ እነሆ ብያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ባንክ ውስጥ 6 ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። አንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት የዳይሬክተር ረዳት እፈልጋለሁ ብሎ አውጥቷል። ስለ እንስሳ ግን ምንም አላውቅም። ልወዳደር ወይስ ይቅርብኝ?»

ይወዳደሩ እንጂ፣ እህቴ! ባዮሎጂስት ሞልቷቸዋል። የሚጎድላቸው ቀጠሮ የማያደባልቅ፣ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ፣ ምስጢር የሚይዝ ሰው ነው። ይሄን ባንክ ቤት ተምረውታል።

የሙያውን ቋንቋ ግን ይልመዱ። እኔ ሳልለምደው ያፈርኩበት ቀን አለ። ለአንድ ለጋሽ የምስጋና ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ከድሮ ፋይል ላይ «ተጋላጭ የሆነው የአፍሪካ ዝሆን» የሚል ሐረግ ገልብጬ አስገባሁ። «ተጋላጭ» ዝም ብሎ የማሳመሪያ ቃል መስሎኝ ነበር። ለካ ደረጃ ነው! አይዩሲኤን የሚባለው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የሚሉት ዝርዝር አለው። የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸውን ዝርያዎች በ3 ደረጃ ይመድባቸዋል፤ ተጋላጭ፣ ለመጥፋት የተቃረበ፣ እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ። በ2021 የአፍሪካን ዝሆን ሁለት ዝርያ አድርጎ ለየብቻ መዘነው። የሳቫናው ዝሆን መካከለኛው ደረጃ ላይ፣ የደኑ ደግሞ የከፋው ላይ ተመደቡ። የእኔ ደብዳቤ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለጋሹ በትሕትና አርመው መለሱልኝ፤ ዳይሬክተሬንም ኮፒ አድርገዋቸዋል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት የድርጅቱን የመጨረሻ ዓመታዊ ሪፖርት ያንብቡ። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ሳያፍሩ ይጠይቁ፦ «የዚህ ቦታ ደመወዝ የሚከፈለው ከየትኛው በጀት ነው?» ብዙ ለጋሾች ገንዘብ የሚሰጡት ለተለየ ፕሮጀክት ነው። የረዳት ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከአስተዳደር ወጪ ነው፤ እሷ ደግሞ ሁሌም ጠባብ ናት። በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የምትነካውም እሷው ናት።

ጥያቄ፦ «አለቃዬ በወር 2 ሳምንት መስክ ናቸው። ኔትወርክ የሚባል የለም። ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ እኔ ላይ ይጮኻል። ምን ላድርግ?»

የዚህ ሥራ ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። መድኃኒቱ ያለው ደግሞ አለቃዎ መኪና ውስጥ ሳይገቡ በፊት ነው። የውክልና ደብዳቤ ይጻፍ። «እሷ ትይልኝ» ብሎ መሄድ አይሠራም። እስከ ምን ያህል ገንዘብ ማን ይፈርማል? ውል ማን ይፈርማል? ጋዜጠኛ ቢደውል ማን ይመልሳል? ይሄ ሁሉ በወረቀት ይስፈር፤ ፋይናንስ ክፍሉም ቅጂ ይኑረው። አንዴ እኛ ጋ ፊርማ ጠፍቶ የነዳጅ ክፍያ 4 ቀን ተንጠለጠለ። የጠባቂዎቹ መኪና ቆመ፤ ቅኝቱም አብሮ ቆመ። ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው ግን የእኛን ፊርማ አይጠብቅም።

ቀጥሎ የሳተላይት መልእክት መጻፍ ይማሩ። የመስክ ሰዎች የሚይዟት ትንሿ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መልእክት 160 ፊደል ገደማ ነው የምትቀበለው። በእኛ ፊደል ቦታው ይበልጥ ይጠባል፤ ተራው የስልክ መልእክት እንኳ በላቲን 160 የሚይዘው በግዕዝ 70 ብቻ ነው። ስለዚህ «ሰላም፣ እንዴት ነዎት፣ የቦርድ ሰብሳቢው ስለ በጀቱ ጠይቀው ነበር፣ ምን ልበላቸው?» ብለው አይጻፉ። መልሱ ድርሰት ነው የሚሆነው። እንዲህ ይበሉ፦

«1) ቦርዱ ሐሙስ ይሁን? 2) ውሉን ምክትል ይፈርሙ? 3) ጋዜጠኛው ይጠብቅ?»

መልሱ «1 አዎ፣ 2 አዎ፣ 3 አይ» ብሎ ይመጣል። ዝናብ ላይ የቆመ ሰው በአንድ አውራ ጣት መመለስ የሚችለው ይሄን ያህል ነው።

ምኑ ይላክ፣ ምኑ ይቆይ? እኔ የምልከው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሲጎዳ፣ ሳይመለሱ የሚያልፍ ቀነ ገደብ ሲኖር፣ የድርጅቱን ስም አደባባይ የሚያወጣ ነገር ሲፈጠር። ሌላው «ሲመለሱ» የሚል ፎልደር ውስጥ ይገባል። የሚገርመው፣ እዚያ ከተቀመጠው ግማሹ እስኪመለሱ ድረስ ራሱን ፈትቶ ይጠብቃል። የተመለሱበትን ማግስት ደግሞ ባዶ ያድርጉላቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ በማግስቱ 5 ስብሰባ ደርድሬ አውቃለሁ። ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው።

ጥያቄ፦ «ከመስክ የሚመጡ ፎቶዎችን ለለጋሾች የምልከው እኔ ነኝ። ባለፈው የአውራሪስ ፎቶ ልኬ አንድ ተመራማሪ ጮኸብኝ። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ ጩኸቱ ቢበዛም ሰውዬው እውነት አላቸው። በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ የቦታ መጠቆሚያው ክፍት ከሆነ፣ የት እንደተነሳ በጂፒኤስ ቁጥር ውስጡ ይይዛል። ለጋሹ ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። እሳቸው ለወዳጃቸው፣ ወዳጃቸው ለግሩፕ ይልካል፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚያየው አይታወቅም። አውራሪስ ደግሞ ለቀንዱ ሲባል የሚገደል እንስሳ ነው።

በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይራገፋል። እንደ ዶክመንት ወይም በኢሜይል አባሪ ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት የቦታ መረጃውን ያጥፉ፤ ስልክም ኮምፒውተርም ላይ ይቻላል። ከዚያ ፎቶውን ራሱን ይመልከቱ። ከበስተጀርባ የታወቀ ተራራ፣ የውኃ ታንከር፣ ታፔላ ካለ ይቁረጡት።

ካላንደሩን ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። «የአውራሪስ ቆጠራ፣ ሰሜኑ ምንጭ አጠገብ፣ ማክሰኞ» ብሎ ቢሮው በሙሉ በሚያየው ካላንደር ላይ መጻፍ ከፎቶው በምን ይሻላል? እኔ «መስክ» ብቻ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ «ለስብሰባ ውጭ አገር ልሄድ ነው። አለቃዬ አንዲት የእንስሳ ፀጉር ናሙና ለላቦራቶሪ አድርሽልኝ አሉኝ። ፖስታ ውስጥ የምትገባ ናት፤ ችግር አለው?»

አለው። እንዳይዟት። ሳይተስ የሚባል፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ከአገር አገር የሚደረግ ንግድና ዝውውርን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለ። ከ180 በላይ አገሮች አባል ናቸው። የሚቆጣጠረው በሕይወት ያለውን እንስሳ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ በዝርዝሩ ላይ ላለ ዝርያ ደምም፣ ቆዳም፣ ፀጉርም ይጨምራል። ዝርያው አባሪ አንድ ላይ፣ ማለትም የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ዝርያዎች በሰፈሩበት የስምምነቱ ዝርዝር ላይ ካለ የመላኪያም የማስገቢያም ፈቃድ ይፈልጋል። የእንስሳት ጤና ወረቀትም ሊጠየቅ ይችላል። ጉምሩክ ላይ የሚነበበው ደግሞ የአለቃዎ ስም አይደለም፤ የእርስዎ ፓስፖርት ነው።

እምቢ ማለት ከከበደዎት «ፈቃዱ የትኛው ፋይል ውስጥ ነው? ቅጂውን አብሬ ልያዝ» ይበሏቸው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እኔ እናት ነኝ። ሴት ልጄ ዲግሪዋን ይዛ የአለቃዋን ስልክ ስታነሳ ትውላለች። ሌሊትም ይደውሉላታል። አሁን ይሄ ሥራ ነው?»

እናቴ፣ ሁለት ነገር ነው የጠየቁኝ። ሥራ ነው ወይ? አዎ፣ ያውም ከባድ። የቦርድ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት። ለለጋሽ የሚሄደው ሪፖርት ቀኑ እንዳያልፍ የምትቆጥረውም እሷው ናት። ስልኩን የምታነሳው አለቃዋ የትኛውን እንደሚያነሱ ለመምረጥ ነው።

ሌሊቱ ግን ልክ አይደለም፤ በእርግጥ ከፊሉ የማይቀር ነው። የቦርድ አባላቱ በሦስት አህጉር ከተበተኑ አንዱ ጋ መንጋቱ፣ ሌላው ጋ መምሸቱ አይቀርም። ያ በተራ ይሁን፤ ሁልጊዜ እሷ ጋ አይምሽ። ሰዓት የሚቀያየርባቸው ሳምንታትም አሉ። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሁድ፣ አውሮፓ በወሩ የመጨረሻ እሁድ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ በመካከሉ ያለው ልዩነት ስንቱን ረዳት አዋርዷል፣ እኔን ጨምሮ።

ከፊሉ ደግሞ ልማድ ነው። «ለተፈጥሮ ብለሽ ነው» እያሉ በሌሊት ስለ ነገው ታክሲ የሚደውሉ አለቆች አሉ። ልጅዎ ከአለቃዋ ጋር ተቀምጣ ትነጋገር። ከምሽቱ በኋላ የሚደወለው ቅድም ለጠቀስኳቸው ለሦስቱ ነገሮች ብቻ ይሁን፤ የቀረው በኢሜይል ተጽፎ ይደር። ስብሰባው የግድ ሌሊት ከሆነም በማግስቱ አርፍዳ ትግባ። እርስዎም ያን ጠዋት አይቀስቅሷት።