ፎቶው ላይ ለምን ፈገግ እንዳልኩ

እሺ። እየቀዳ ነው... አዎ፣ ቀይዋ በርታለች። ሰላም ናችሁ። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም፣ ማስታወሻም አልያዝኩም፣ ድምፄም እንደምትሰሙት ነው። ከላይ ያለው ጎረቤቴ ደግሞ እኔ ማይክ እስክከፍት ጠብቆ መዶሻውን አንስቷል። አምስት ወር ሙሉ ምን እንደሚሠራ አሁንም አላወቅንም። ግምታችሁን መላክ እንዳታቆሙ። እስካሁን እየመራ ያለው "መርከብ" ነው።

ስለ ውድድሩ፣ ሩጫና የጂም ጣቢያዎች ስለሚፈራረቁበት፣ አውሪ አውሪ ስትሉኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ረስቼው አይደለም፤ ሁለቴ ቀድቼ ሁለቴ አጥፍቼዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ እንደ አነቃቂ ተናጋሪ "ራሳችሁን እመኑ" ምናምን እያልኩ ነበር፣ መልሼ ስሰማው ራሴን ታዘብኩት። ሁለተኛው ላይ... ተዉት፣ ሁለተኛውን ማንም አይሰማውም።

ውጤቱን አይታችኋል። እኔ ሦስተኛ፣ የልምምድ ጓደኛዬ ኮማንደሯ አራተኛ። በመሃላችን ስድስት ሰከንድ።

ፎቶውንም አይታችኋል። ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነው።

ላላያችሁት፣ የመጨረሻው ጣቢያ ነው፣ ዋል ቦል፣ ኳስ ግድግዳ ላይ የምንወረውርበት። ኳሷን ደረቴ ላይ አቅፌያለሁ፣ ፀጉሬ ግንባሬ ላይ ተለጥፏል፣ አንዱ ካልሲዬ ወርዶ አንዱ ጉልበቴ ጋ ቀርቷል። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሁሉ ፊታቸው ተጨማዷል፣ የሚያለቅሱ ነው የሚመስሉት። እኔ ፈገግ ብያለሁ። ፈገግ ስል ደግሞ እንዲሁ ከንፈር ማሸሽ አይደለም፤ ጥርሴ ይታያል፣ ዓይኔ ጠቧል። አንድ ሰው ሥሩ "የአሸናፊነት መንፈስ ማለት ይሄ ነው" ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እሱኑ እየደገመ ሄደ። ሥቃይ ላይ የምትስቅ ሴት ተባልኩ። አንዷማ "ጂማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት" ብላ በትልቁ አሳትማ ላከችልኝ። ጥቅልሉ እዚህ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። አልፈታሁትም።

ሥቃይ ላይ አልነበረም የሳቅኩት።

እሺ፣ ከመጀመሪያው... አይ፣ ከመጀመሪያው አይደለም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ስምንት ጊዜ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ከየሩጫው በኋላ አንድ ጣቢያ። ስሌዱ፣ ያ የሚገፋውና የሚጎተተው ሸክም፣ ገደለኝ፣ ስሌድ ሁሌም ይገድለኛል። አጎቴ ላይ ግን ጥሩ ነበርኩ። ለአዲሶቹ፣ አጎቴ የቀዘፋ ማሽኑ ነው፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ክፍል 9ን ስሙ፣ ድጋሚ አልነግርም። ላንጁ ላይ፣ በየእርምጃው ጉልበት መሬት እያስነኩ መሄድ ነው፣ የአሸዋው ከረጢት ትከሻዬን... በቃ፣ ዝለሉት። ዋል ቦል ጋ ስደርስ ኮማንደሯ ቀድማኝ ገብታ እየወረወረች ነበር። ሁሌም ትቀድመኛለች። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን፣ አንድም፣ ቀድሜያት አላውቅም።

100 ውርወራ ነው። 4 ኪሎ ኳስ ይዛችሁ ቁጭ ትላላችሁ፣ ትነሣላችሁ፣ ከላይ ያለውን ምልክት ትመታላችሁ። ቁጭ ስትሉ ዳሌያችሁ ከጉልበታችሁ በታች ካልወረደ ዳኛው "ኖ ሬፕ" ይላል። ያቺኛዋ አትቆጠርም፣ ጉልበቱ ግን ወጥቷል። እግራችሁ ትኩስ ሆኖ ከሆነ ትችሉታላችሁ። ከ8 ኪሎ ሜትር እና ከሰባት ጣቢያ በኋላ ግን ያቺ 4 ኪሎ ኳስ ልጅ ትሆናለች፣ ያውም እንቅልፍ የወሰደው ልጅ።

ዕቅዱ ጥቁሩ ደብተር ላይ አለ። 25፣ 20፣ 15፣ ከዚያ አራት ጊዜ 10። በየመሃሉ ሦስት ትንፋሽ። ኮች ስድስት ወር ሙሉ የነገረኝ ነገር ደግሞ አንድ ነው፣ "ኳሷንና ምልክቷን እይ፣ ሌላ ሰው የለም።" የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እኔው ራሴ በቀይ እስክሪብቶ "የምወዳደረው ከትናንትናዋ እኔ ጋር ነው" ብዬ ጽፌ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ሁለቴ! ከልቤ ነበር እኮ የጻፍኩት።

60 ላይ ደረስኩ። ኳሷን አቀፍኳት። አንድ ትንፋሽ። በግራዬ የኮማንደሯ ዳኛ "ሰባ" ሲል ሰማሁ። ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ "ኖ ሬፕ" አለ።

ቆይ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም።

ያ ሰውዬ ድምፁ ይገርማል። አይጮህም። ተራ እንደሚጠራ ሰው ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ። "ኖ ሬፕ።" ከዚያ ኳሷ ግድግዳውን ስትመታ፣ ጧ። "ኖ ሬፕ።" ጧ። "ኖ ሬፕ።" ዓይኔን ወደ ግራ ጣል ሳደርግ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ኮማንደሯ ሲደክማት ቁጭ ማለቷ ይጎድላል፣ ግማሽ ላይ ትነሣለች፣ ለራሷ አይታወቃትም። እኔ ግን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምቆጥርላት እኔ ነኝ። መድኃኒቱም አንድ ቃል ነው። "ዝቅ!" ስላት ወዲያው ታስተካክላለች፣ እንቢ ብሎ አያውቅም።

ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። የምሬን ነው፣ "ዝ" ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

አራተኛው "ኖ ሬፕ" ሲመጣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሌላ አባባል ፈልጌ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ፈለግሁ፣ የለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከደረቴ ጀምሮ እስከ እግሬ ጣት ሙቅ ነገር ወረደ፣ ድካሙ ከላዬ ላይ ተገፈፈ፣ ፈገግ አልኩ፣ ፎቶ አንሺው ጠቅ አደረገው። ከዚያ የቀረውን 40 ሳላቋርጥ ወረወርኩ። አርባ! ልምምድ ላይ ከ30 በላይ ሳላርፍ ሠርቼ አላውቅም፣ ያውም ትኩስ እግር ይዤ። አራት ጊዜ 10 የሚለውን ዕቅድ ከነመኖሩም ረሳሁት። ኳሷ የት ሄደች፣ ክብደቷ ምን ሆነ፣ አላውቅም። ሰው ስለ "ፍሰት" ምናምን ሲያወራ እሰማለሁ፣ ራስህን ረስተህ የምትሠራበት ሰዓት የሚሉት፤ እሱ ይሆን? እኔ ግን ራሴን አልረሳሁም። እሷንም አልረሳኋትም። በየውርወራው የእሷን ዳኛ እየሰማሁ ነበር።

ያ ሁሉ ጉልበት እስከዚያ ድረስ የት ነበር? ስድስት ወር "ከትናንትናዋ እኔ" ጋር ስወዳደር የት ተደብቆ?

ከዚያ በኋላ፣ አልደብቃችሁም፣ ራሴን ነፃ የሚያወጣ ነገር ፍለጋ ማንበብ ጀመርኩ። ትሪፕሌት የሚባል ሰው አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 የጻፈ። ብስክሌት ጋላቢዎች ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ከሚወዳደሩ ይልቅ ከሰው ጋር ሲወዳደሩ እንደሚፈጥኑ አይቶ፣ ቀጥሎ ልጆች ሰብስቦ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ አስጠቅልሏቸዋል፣ አንዴ ለየብቻ፣ አንዴ ጎን ለጎን። ደስ አለኝ። አያችሁ፣ ተፈጥሮ ነው፣ ከ120 ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነው አልኩ። ሁለት ቀን በሰላም ተኛሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ገባኝ፣ ኮማንደሯ ከ60 በፊትም አጠገቤ ነበረች። ጉልበት የሰጠኝ አጠገቤ መሆኗ ከሆነ ከመጀመሪያው ውርወራ ጀምሮ ይሰጠኝ ነበር። የሰጠኝ መሰበሯ ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ይብሳል። በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኙትን ሰዎች ፊት በቪዲዮ ያዩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ነሐስ ያገኙት ብር ካገኙት የበለጠ ደስተኛ ሆነው ነው የታዩት። ለምን ቢባል፣ ሁለተኛ የወጣው ወደ ላይ ያያል፣ ወርቁ አመለጠኝ ይላል። ሦስተኛው ወደ ታች ያያል፣ አራተኛውን። ባዶ እጁን የሚሄደውን። እኔ እንግዲህ አራተኛዋን በደንብ አውቃታለሁ። የጫማ ቁጥሯን አውቃለሁ። የካቲት ላይ ጉልበቴን ሲያመኝ... ያቺ ታዋቂዋ ቀኝ ጉልበቴ፣ አዎ፣ ሰላም ብላችኋለች... ያኔ ልምምዱን ልተወው ስል ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቴ ድረስ እየመጣች ወለል ላይ ያሠራችኝ ማን ሆነና። በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ነው የምታሳየኝ። አትናገርም። ሰዓቷን ብቻ። ኮማንደሯ ያልናት እኮ በሱ ነው።

መስመሩን ካለፍን በኋላ መጀመሪያ መጥታ ያቀፈችኝ እሷ ናት። መሬት ላይ ተዘርሬ ነበር፣ እላዬ ላይ ወደቀች፣ "አርባ! ሳታርፊ አርባ!" ትላለች። የራሷን ሳትቆጥር የእኔን ቆጥራለች ማለት ነው። እንዴት ነው ሁለታችንም...

እሺ።

ፎቶው የወጣ ቀን ማታ ጠየቀችኝ። "እዚህ ጋ ምን እያሰብሽ ነው ፈገግ ያልሽው?" እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ትንፋሼን ለማረጋጋት ነው፣ ፊቴን ዘና ሳደርገው ትከሻዬም ይፈታል" አልኳት። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ውሸቱ ራሱ በሳይንስ ነው የመጣው። እሷም "እንደ ኪፕቾጌ!" አለች። እውነት ነው፣ ኪፕቾጌ ሕመሙ ሲበረታ ሆን ብሎ ነው ፈገግ የሚለው፣ ቪየና ላይ በ2019 ማራቶኑን በ1:59:40 ሲጨርስም ፊቱ በርቶ ነበር። የሱ ፈገግታ ግን ማንም ስለወደቀለት አይደለም። ተፎካካሪ በሌለበት መንገድ ላይ ከሰዓት ጋር ነበር የሚሮጠው። ልክ ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩት።

ጉዱ ይሄ ነው፣ ኮማንደሯ አሁን ፈገግታ እየተለማመደች ነው። ከምር። ማክሰኞ ዕለት እየቆጠርኩላት ነበር። 20 ላይ ስትደርስ ጥርሷን አወጣች። ፎቶ ሊነሣ የተገደደ ተማሪ ነው የምትመስለው፣ ጉንጯ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ አፏ ውስጥ እየገባ ታስላለች፣ ግን አትተወውም። "እየሠራ ነው?" ትለኛለች በመሃል። እየሠራ ነው እኮ! ከድሮዋ ስድስት ጨምራለች! እኔ የፈጠርኩት ውሸት ለእሷ እውነት ሆኖ እየሠራላት ነው፣ እኔ ቆሜ "ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ዝቅ በይ" እላለሁ።

ዝቅ በይ እላታለሁ። ማክሰኞ ላይ ይወጣል ቃሉ።

አንዳንዴ ደግሞ እናደዳለሁ። ምን አጠፋሁ? ውድድር እኮ ነው፣ ልትረዳኝ ነው ወይ የተመዘገበችው? ትንፋሽ አልነበረኝም ብዬም ልከራከር እችላለሁ፣ 60 ወርውሬ፣ ማን ነው የሚጮኸው? እንዲሁም የእሷ ዳኛ ነው የከለከላት፣ እኔ አይደለሁም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ገላዬን እታጠባለሁ። ሳሙናው ሲያልቅ ክርክሩም ያልቃል።

ለኮች ነገርኩት። እሱን ብቻ ነው የነገርኩት። በጣም የሚከፋው መስሎኝ ነበር። ሰማኝ፣ ሰማኝ፣ ከዚያ "40 ከዚያ ነው የመጣው?" አለ። አዎ አልኩ። "እሺ። ከእንግዲህ ጎን ለጎን ነዋ የማሠራችሁ።" አለቀ። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ስለ ኳሷና ስለ ምልክቷ ስድስት ወር የነገረኝ ሰውዬ! ሳቅኩኝ፣ ከዚያ ቤት ስገባ ሆዴ ባር ባር አለብኝ። ምናልባት እሱ ልክ ነው። ምናልባት እነዚያ መድረክ ላይ የምናያቸው ሁሉ ውስጣቸው እንደዚህ ያለ ነገር አለ፣ እነሱ ግን ተላምደውታል፣ ስም አውጥተውለታል። ወይም የላቸውም፣ እኔ ብቻ ነኝ ቀሽሟ። በሁለቱም ማሰብ ሰልችቶኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ኮማንደሯ ለሚቀጥለው ውድድር አስመዝግባናለች። በጥንድ። አብረን ሮጠን ጣቢያዎቹን ተካፍለን፣ 100ውን ኳስም ለሁለት። ሳትጠይቀኝ ነው የከፈለችው፣ ስጦታ ነው አለችኝ። ደስ ማለት ነበረበት፣ ደስም ይላል። ግን የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እሷ ኖ ሬፕ ሲባልባት የእኔ ሰዓት ነው የሚቃጠለው። እና ያኔ እጮኻለሁ። ያኔማ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው "ዝቅ!" የምለው።

ከዚያ ደግሞ ያቺ ሙቅ ነገር፣ ከደረት የምትወርደው... በጥንድ ስንሆን ከየት ልትመጣልኝ ነው? አጠገባችን ካሉት ሌሎች ሁለት ሴቶች?

ቆይ፣ ስልኬ... እሷ ናት። የድምፅ መልእክት ነው። "ነገ 12 ሰዓት። ፈገግታሽን ይዘሽ ነይ።"

በነገራችን ላይ ይሄን ክፍል ትሰማዋለች። ሁሉንም ነው የምትሰማው፣ ረጅም ሩጫ ላይ፣ ፍጥነቱን ጨምራ፣ ድምፄን እንደ ቄጠማ ቀጭን አድርጋ። እሁድ ለቀቅኩት ማለት ሰኞ ጠዋት፣ አራተኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ... ልነግራት አስቤ ነው እየቀዳሁ ያለሁት ወይስ እንዳልነግራት? ሁለቴ ቀድቼ እንዳጠፋሁ ነግሬያችኋለሁ አይደል?

እ... መዶሻው ቆመ። ሰማችሁ? ቆመ እኮ። አንድ ደቂቃ...