ነጻ ፈቃድና የስም ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ እንኳን ለመረዳጃ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ። ከመሀል ከተማ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ታክሲ ተጋፍታችሁ ለመጣችሁ በተለይ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ትንሽ ታገሡ፣ አግዳሚ ከዕቃ ቤት እየወጣ ነው።

የዛሬውን ርዕስ የሰጠኝ የቴሌግራም ግሩፓችን ነው። ታማሚ ያልጠየቀ አባል ይቀጣ አይቀጣ እየተባባልን ሳለ አንድ ወጣት አባላችን «እግዚአብሔር ነጻ ፈቃድ የሰጠኝን ማኅበሩ ያስገድደኛል እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ብዙዎቻችሁ ተቆጣችሁ። እኔን ግን ጥያቄው ደስ አለኝ።

ልጁ ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እሳትና ውኃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ስደድ ይላል። ሙሴም ሕይወትንና ሞትን በሕዝቡ ፊት አኑሮ ምረጡ ብሏል። ግን «ሁለቱም ያው ነው፣ እንደፈለጋችሁ» አላለም። ሕይወትን ምረጥ ብሎ መከረ። ምርጫው የእነሱ ነው፤ መንገዱ ግን እኩል አይደለም።

ደግሞ መፈለግና መቻል ይለያያሉ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 7 የምወደውን በጎ ነገር አላደርግም፣ የማልወደውን ግን አደርጋለሁ ይላል። ጫት ወይም ሲጋራ ለመተው የታገለ ሰው ይህን ምዕራፍ ያለ ሰባኪ ይረዳዋል። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስም በወጣትነቱ ንጽሕናን ስጠኝ፣ ግን አሁን አይሁን ብሎ ይጸልይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በኋላ ፔላግዮስ ከሚባል መምህር ጋር መጋጨቱ አይገርምም። ፔላግዮስ ሰው ከፈለገ ትእዛዙን መፈጸም አያቅተውም ባይ ነበር። አውግስጢኖስ ግን ፈቃዳችን ራሱ ታሟል፣ ያለ ጸጋ አይነሳም አለ። እ.ኤ.አ. በ418 የካርታጎ ጉባኤ የፔላግዮስን ትምህርት አወገዘ። እነ ዮሐንስ አፈወርቅን የያዘው የምሥራቁ ትምህርት ደግሞ ጸጋ ይረዳል፣ ሰውም እሺ ይላል በሚለው ይጸናል። ድንግል ማርያም እንኳ ለመልአኩ «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ብላ መልሳለች።

ሆላንዳዊው ሊቅ ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1524 ስለ ነጻ ፈቃድ ሲጽፍ፣ የፕሮቴስታንቶች መሪ ሉተር በ1525 ፈቃዳችን ባሪያ ነው ብሎ መለሰለት። ማኅበራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም አለ። አምስት መቶ ዓመት ያላለቀ ክርክር ዛሬ በዚህ ኮሚናል አያልቅም፤ ቡናውም ይቀዘቅዛል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ወደ ፊልሞና የተላከችውን መልእክት ነው። 25 ቁጥር ብቻ ናት። ጳውሎስ እስረኛ ነው። አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነው፤ ከጌታው ተለይቶ ሳለ በጳውሎስ እጅ አመነ። ጳውሎስ እንዲያገለግለው እሱ ዘንድ ሊያስቀረው ይፈልግ ነበር። ላዝህ እችል ነበር ሲልም ይጽፋል። ግን አላዘዘም። በጎነትህ በግድ ሳይሆን በፈቃድህ ይሁን ብሎ ሰውየውን መልሶ ላከው። ፊልሞና እምቢ ቢልስ? ጳውሎስ ይህን አውቆ ነው የላከው። ዝም ብሎም አልተወውም፤ መጨረሻ ላይ ማረፊያ አዘጋጅልኝ ይላል። መጥቼ አየዋለሁ ማለቱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ባለፈው አንዲት እናታችን ታመው ልንጠይቅ ሄድን። ተቆጣጣሪያችን መዝገቡን አልጋው ጫፍ ላይ ዘርግቶ ስም መጥራት ጀመረ። «አቤት»፣ «አቤት» እያልን መለስን። የተጠራው ሁሉ ጫማውን እያጠለቀ ወጣ። እናታችን ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው «እኔስ አቤት ልበል?» አሉ። ሳቅን። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቅጣቱን ፈርተን ሄደን፣ ቅጣቱ ሲቀርልን ወጣን።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ ሁለት ነገር ያቀርባል። የወር መዋጮ ላይ ያለው ቅጣት ባለበት ይቀጥል። ድንኳን፣ ድስትና የቀብር ወጪ በሰው ስሜት አይንጠለጠልም፤ ስንገባም ፈርመንበታል። ታማሚ መጠየቅ ላይ ግን ቅጣቱም የስም ጥሪውም ይቅር። በምትኩ በየብሎኩ አንድ ሰው ይኑር፤ ማን እንደታመመ ይንገረን፣ ያልሄደውን ደውሎ «ምነው ጠፋህ?» ይበለው።

ለወጣቱም አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ ማንም አያስገድድህም። ገላትያ ምዕራፍ 5 ቁጥር 13 ለአርነት ተጠርታችኋል ይላል፤ በዚያው ቁጥር ግን በፍቅር አንዱ ለሌላው ባሪያ ይሁን ብሎ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ቆርጠህ ግሩፑ ላይ አትለጥፍ። እናታችን ብሎክ 14 ናቸው፤ አሁንም ከቤት አልወጡም።

ጸሐፊያችን፣ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ያንብቡልን።